ላብራቶሪው እንደተቆለፈ ነው፤ ልቆይ ወይስ ልሂድ?

የአንባቢው ደብዳቤ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የዓምድዎ ተከታታይ ነኝ፤ ዛሬ ግን ተራው የእኔ ሆነ።

ዕድሜዬ 27 ነው። በጉራጌ ዞን በአንዲት የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት እዚሁ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የአካባቢው ተወላጆች አዋጥተው ለትምህርት ቤታችን የላብራቶሪ («ላብ» የምንለው) ዕቃ አመጡልን። ሪባን ተቆረጠ፣ በግ ታረደ፣ ፎቶ ተነሣን። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉ ተቆልፏል። ንብረት ክፍሏን ስጠይቃት «ርዕሰ መምህሩ ይፍቀዱ» ትለኛለች። እሳቸው ደግሞ «በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት ነው፤ ቢሰበር ማን ይከፍላል?» ይላሉ። ደጋግሜ ጠይቄ ተውኩት። ባልደረቦቼ «አርፈህ ቾክህን ያዝ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል የኦምን ሕግ ሳስተምር አንዲት ጎበዝ ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ አሜትር ምን ያህላል?» አለችኝ። የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያውን በቾክ ሣልኩላት። ዕቃው ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ እኔ እሥላለሁ! ያን ቀን ደሜ ፈላ። መጽሐፉም ለሁሉም አልደረሰም። ስልክ ያለው በፒዲኤፍ ያነባል፣ የሌለው ከጓደኛው ይገለብጣል። በአንድ ክፍል 68 ተማሪ አለኝ። ባለፈው መስከረም በወጣው የ12ኛ ክፍል ውጤት ከእኛ ትምህርት ቤት 50 በመቶ ያመጣ አንድም ልጅ አልነበረም።

አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሊቀጥረኝ ፈቅዷል። ደሞዙ እጥፍ ነው። ላብራቶሪያቸውንም በፎቶ አይቻለሁ፤ ያምራል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። እናቴ «ሂድ» ትላለች። እኔ ግን ሌላ የፊዚክስ መምህር እንደሌለ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል። የልጆቹ ውጤት በላብ እጦት እንደሚወድቅ እያወቅሁ መቆየቱም መሄዱም ከበደኝ። ምን ይመክሩኛል?

የፊዚክስ መምህሩ

መልስ

ወንድሜ መምህር፣

በዕድሜ ስለምበልጥህ «አንተ» እያልኩ ልጻፍልህ፤ እንደማትቀየመኝ አምናለሁ። ዕቃ በሌለበት ማስተማር ይከብዳል፤ ቢሆንም ይለመዳል። ዕቃው እያለ፣ ቁልፉም እያለ፣ ልጅቷ እየጠየቀችህ በቾክ መሣል ግን ሰው ያናድዳል። ደምህ መፍላቱ አይገርመኝም። «አርፈህ ቾክህን ያዝ» የሚሉህም ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ። ምናልባት እነሱም በጊዜያቸው ጠይቀው ጠይቀው የሰለቹ ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ሸክም ላቅልልህ። የልጆቹ ውጤት በላብ እጦት እንደሚወድቅ አውቃለሁ ብለሃል። እውነትነት አለው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው። የተግባር ክፍል የለውም። ውጤቱም የእናንተ ትምህርት ቤት ብቻ ጉድ አይደለም። በ2014 በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ የቀሩባቸው ዓመታት ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ ላብ ያላቸውም የሌላቸውም አሉ። ልጆቹ ከታች ክፍል ጀምሮ ይዘውት የመጡት ክፍተት አለ። ጥያቄውን ለመረዳት የሚያስፈልገው እንግሊዝኛ አለ። መጽሐፍ የለም። ያንን ሁሉ በአንድ የተቆለፈ በር ላይ፣ ከዚያም አልፎ በራስህ ላይ አትጫነው።

ታዲያ ላቡ ለውጤት አይጠቅምም ማለቴ ነው? አይደለም። አንድ ልጅ ሁለት አምፖል በሴሪስ (በተከታታይ) አገናኝቶ ሲደበዝዙ፣ በፓራለል (ጎን ለጎን) አገናኝቶ ሲደምቁ በዓይኑ ካየ፣ ፈተናው ላይ የሥዕሉ መልክ ቢቀያየር እንኳ አይደናገርም። ቀመር የሸመደደው ልጅ ግን ሥዕሉ ትንሽ ሲዞርበት ይጠፋል። ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

የዕቃና የውጤት ነገር ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቀጥ ያለ አይደለም። ኬንያ ውስጥ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ በነፃ ታድሎ ውጤቱ በጥናት ታይቶ ነበር። የአማካዩ ተማሪ ውጤት አልተነቃነቀም። የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበርና አብዛኞቹ አንብበው ሊረዱት አልቻሉም። ፔሩ ደግሞ ለገጠር ልጆች ላፕቶፕ በገፍ አከፋፈለች። በ2012 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጥናት በሒሳብም በቋንቋም ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ኮምፒውተሩ መጣ እንጂ መምህሩ ምን ያድርግበት የሚለው ብዙም አልታሰበበትም ነበር።

ሩቅ ለምን እንሄዳለን? አንተ ራስህ የፕላዝማ ልጅ ሳትሆን አትቀርም። በእኛ አቆጣጠር በ1997 ገደማ በየሁለተኛ ደረጃው የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ታስታውሰዋለህ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣ ነበር። እንግሊዝኛው ይፈጥናል። መምህሩ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ትደርሰዋለች። መብራት ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል፤ ነገ ተመልሶ አይመጣም። ስንቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ያ ስክሪን አቧራ ጠጥቶ ቀረ! ብዙ ብር ወጥቶበታል። የጎደለው መምህሩ እንዳሻው የሚያቆመው፣ የሚደግመው፣ በገዛ ቋንቋው የሚያብራራው ዕድል ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራህ ለነገር አይደለም። የተማሪህን ውጤት የሚነካው ዕቃው መኖሩ ብቻ ሳይሆን ዕቃው፣ ሰዓቱና መምህሩ አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘታቸው ነው። ዕቃው አለ። መምህሩም፣ ለጊዜው ቢያንስ፣ አለ። ስለዚህ ከመሄድና ከመቆየት በፊት አንድ ያልተሞከረ ነገር ይታየኛል። በሩን ሳይሆን የርዕሰ መምህሩን ፍርሃት መክፈት።

እስቲ ለአፍታ በእሳቸው ቦታ ሁን። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሲሆን ኃላፊነቱ የሰው ስም ይዟል። ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቁት እሳቸውና ንብረት ክፍሏ ናቸው። ልጆቹ አሜትር ሳያዩ ቢመረቁ ማንም አይጠይቃቸውም፤ አንድ ቮልቲሜትር ቢጎድል ግን ይጠየቃሉ። በዚህ አሠራር ውስጥ መቆለፍ ብልህነት ነው። ትክክል ነው አላልኩም! ግን «ላቡ ይከፈት» ብለህ በደፈናው ስትጠይቃቸው እሳቸው የሚሰሙት «ሙሉውን ኃላፊነት ይሸከሙልኝ» የሚል ነው። ሌላም ልጠይቅህ። ርዕሰ መምህሩ የምን ትምህርት መምህር ነበሩ? የታሪክ ወይም የአማርኛ ከሆኑ ያ ዕቃ ለእሳቸውም እንግዳ ነው። ሰው የማያውቀውን ዕቃ አብዝቶ ይፈራል።

ስለዚህ ጥያቄህን አሳንሰው። አሁን ነሐሴ ነው፤ ለምዝገባ ቢሮ መግባታቸው አይቀርም። ስብሰባ ላይ ሳይሆን ብቻቸውን ሲሆኑ ግባ። አንድ ገጽ ወረቀት ያዝ። ወረቀቱ ላይ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይኑር፤ የአሥረኛ ክፍል ኤሌክትሪክ ይሁን። የሚያስፈልግህን ዕቃ በቁጥር ዘርዝር፦ ጥቂት አሜትርና ቮልቲሜትር፣ ሬዚስተር፣ ሽቦ፣ አምፖል። ከመቼ እስከ መቼ እንደምትጠቀምበትና ማን ቆጥሮ ተረክቦ ማን እንደሚመልስ ጻፍ። የቀረው ዕቃ እንደተቆለፈ ይቆይ። «ላቡን ክፈቱልኝ» ከማለት «እነዚህን ለሁለት ሳምንት በሞዴል 22 ወጪ አድርጋችሁ ስጡኝ» ማለት ለመፍቀድ ይቀላል።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። በሞዴል 22 ስትፈርም ኃላፊነቱ ወደ አንተ ይዞራል። ከመፈረምህ በፊት በማስተማር ላይ እያለ የተበላሸ ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። የትምህርት ቤቱ አመራርና ወመህ (የወላጅና መምህር ኅብረት) አብረው ቢፈርሙበት ጥሩ ነው። ያለዚያ ደሞዝህ ላይ እንዳይመጣብህ እፈራለሁ። ዕቃም አይበላሽም እንዳይመስልህ። አንድ ልጅ አሜትሩን በፓራለል ካገናኘው ፊውዙ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። መለዋወጫ ፊውዝ ቀድመህ ብታዘጋጅ ግማሹ ጭቅጭቅ ከወዲሁ ይቀርልሃል።

ርዕሰ መምህሩን የሚያሳስባቸውን ነገርም አንሣላቸው። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ግብዓትን ብቻ አያይም፤ ሂደትንና ውጤትንም ያያል። ያልተነካ ላብ ለእሳቸውም ጥሩ ነጥብ አያሰጥም። አንተም ብትሆን ተሙማ (ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ይጠበቅብሃል፣ የተግባር ጥናትም ጻፍ ትባላለህ። ይህንኑ አድርገው። ከምዕራፉ በፊት አጭር ፈተና ስጥ፣ ከምዕራፉ በኋላ ስጥ፣ አምና ያለ ላብ ካስተማርካቸው ልጆች ማርክ ጋር አስተያየው። «ላቡ ውጤት ያሻሽላል» ብለህ ቃል ግን አትግባ። የአንድ ምዕራፍ ላብ የ12ኛ ክፍልን ውጤት አይቀይርም፤ ካልቀየረ ደግሞ «ይኸው አልን!» ይሉሃል።

68 ልጅ በአንድ ጊዜ አይገባም፤ መሣሪያውም አይበቃም። ግማሹን በራሳቸው ክፍለ ጊዜ፣ ግማሹን በተቃራኒ ፈረቃ ብታስገባ፣ ወይም በሳይንስ ክበብ ስም ብትጀምር ይሻላል። ያቺ «አሜትር ምን ያህላል?» ያለችህን ልጅ የቡድን መሪ አድርጋት። እሷን የመሰሉ አምስት ስድስት ልጆች ቀድመው ከሠለጠኑልህ አንተ እዚህም እዚያም አትሮጥም። ገመዱ ሳይገናኝ በፊት «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብለህ ግምታቸውን ደብተር ላይ አስጽፋቸው። የተሳሳተ ግምት ያስጻፈ ትምህርት አይረሳም።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ደግሞ ልጨምር። የኬሚካል ካርቶኖች አብረው ተቆልፈው ከሆነ አንተ አትንካቸው። ስማቸው የተላጠ ጠርሙሶች፣ የቆየ አሲድ፣ በተለይ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ኤተር አደገኛ ነው። ኤተር ሲቆይ ፈንጂ ነገር ሊፈጥር ይችላል። የኬሚስትሪ መምህሩን ይዘህ፣ መስኮት ከፍተህ፣ በዓይን ብቻ ተመልከቱና የምታውቁትን ሰው ጠይቁ። በዚህ ነገር ላይ የርዕሰ መምህሩ ቁልፍ ልክ ነው።

እሺ፣ እንቢ ቢሉህስ? ያኔም ባዶ እጅህን አይደለህም። አንድ ሜትር ክርና አንድ ጠጠር በቂ ነው። ጠጠሩ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ አሥር ዙር በስልክህ ብትለካ ሃያ ሰከንድ አካባቢ ታገኛለህ። «ከባድ ድንጋይ ብናስርበት ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?» በላቸው። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ይጨቃጨቃል። ከዚያ ሞክሩት፤ አይቀየርም። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ጥቂት ሽቦና የእጅ ባትሪ አምፖሎች ካሉህ ሴሪስና ፓራለልን ጠረጴዛ ላይ ማሳየት ትችላለህ። ይህ ላብን አይተካም፤ «ይህ አለ» ብለን ላብ መጠየቃችንን ልንተው አይገባም። እስከዚያው ግን ልጆቹ ከቾክ ሥዕል ያለፈ ነገር ያያሉ።

ደግሞ መስቀልን አትርሳ። የእናንተ አገር ሰው መስቀልን የትም ሆኖ አያከብርም፤ አገሩ ይገባል። ዕቃውን ያዋጡት ተወላጆች በዓሉን ሊበሉ ሲመጡ ትምህርት ቤቱን ማየታቸው አይቀርም። ከርዕሰ መምህሩ ጀርባ ሄደህ አትክሰሳቸው፤ ያ ነገሩን ያበላሸዋል። «እንግዶቹ ሲመጡ ሦስት ልጆች ዕቃውን ሲጠቀሙበት ብናሳያቸው እርስዎንም ያስመሰግናል» በላቸው። ለሪባን የተሰበሰበ ሰው ለዚህም ይሰበሰባል። ተወላጆቹም ቀጥሎ መጽሐፍ ማባዛት ወይም ለመለዋወጫ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ማዋጣት እንደሚሻል በዓይናቸው ያያሉ። ዕቃ የሚለግስ ሰው ብዙ ጊዜ ትልቁን ካርቶን ይወዳል፤ ፊውዝ ግን ማንም ገዝቶ አያመጣም።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ሥራ እንምጣ። በሐቀኝነት ለራስህ መልስ፦ የምትሄደው ለላቡ ነው ወይስ ለደሞዙ? ሁለቱም ነውር የለባቸውም። እናትህን የምትረዳ ከሆነ፣ ትዳር የምታስብ ከሆነ፣ እጥፍ ደሞዝ ቀላል ነገር አይደለም። መምህር ስለሆንክ ብቻ በድህነት እንድትጸድቅ ማንም ሊያስገድድህ አይችልም። ግን ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሥራው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ምግብ ሲቀነስ ምን ይተርፍሃል? አሁን ካለህበት ኪራይ ጋር ስታስተያየው እጥፉ እጥፍ ሆኖ ይቀራል?

ላቡ ከሆነ ምክንያትህ፣ በፎቶ አትመን። አንድ ቀን ወጪ አውጥተህ ሄደህ እየው። ላቡን አስከፍት። የተማሪዎች የተግባር ሪፖርት ደብተር አሳዩኝ በል። «በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ላብ ትገባላችሁ? የላብ ቴክኒሻን አላችሁ?» ብለህ እዚያ ያለውን መምህር ጠይቅ፤ ባለቤቱን ሳይሆን መምህሩን። በምዝገባ ሰሞን ለወላጅ ብቻ የሚከፈት ላብ ከተማም ውስጥ አለ። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚጭኑብህም እወቅ። ሠላሳ ክፍለ ጊዜ የተሸከመ መምህር ላብ ለማዘጋጀት ጉልበት አይተርፈውም። ውሉ ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የክረምት ደሞዝ ይከፈል አይከፈል እንደሆነ በጽሑፍ አይተህ ብቻ ወስን።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅኸኝ እንዲህ ነው። በዚህ ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ጋ ግባ። ወረቀትህን ስጣቸውና ከነሐሴ መጨረሻ በፊት አዎ ወይም አይ እንዲሉህ በአክብሮት ለምናቸው። አዎ ካሉና ቤትህ ውስጥ የሚያስቸኩል የገንዘብ ጉዳይ ከሌለ አንድ ዓመት ብትቆይ አልከፋም። ገና 27 ዓመትህ ነው፤ የግል ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ መምህር ፍለጋ በሚቀጥለው ነሐሴም ያስታውቃሉ። አንድ ላብ ከባዶ አስነሥቶ ያስተማረ መምህር ደግሞ ያኔ የሚደራደርበት ነገር አለው። አይ ካሉ፣ ወይም እሺ እያሉ ጳጉሜን ካስደረሱህ፣ ሂድ። ስትሄድም በልጆቹ ስም ራስህን አትውቀስ። በር የዘጋው ሌላ ሰው ነው።

እናትህንም አንድ ነገር ጠይቃት። «ሂድ» የምትልህ ለገንዘቡ ነው ወይስ ስትከፋ እያየችህ? መልሷ ሊያስገርምህ ይችላል።

መሄዱ ከተቆረጠ ደግሞ ቀድመህ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂድና የመልቀቂያውን፣ የሥራ ልምዱንና የወጪ መጋራቱን ነገር አጣራ። ክሊራንስህ ሳያልቅ ውል አትፈርም። የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል ማስታወሻህን፣ የሠራሃቸውን ጥያቄዎች፣ ያችን የላብ ዕቅድ ወረቀት ጭምር ለዲፓርትመንት ኃላፊው ትተህ ሂድ። በአንተ ቦታ የሚመጣው አዲስ ተመራቂ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዜሮ አይጀምር።

ርዕሰ መምህሩ ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ፤ «ቢሰበር ማን ይከፍላል?» ካሉህ ደግሞ ቃለ ጉባኤውን እንዴት እንደምናዘጋጅ አብረን እናያለን።